በዓል አክባሪዋ መኪናዬ

የስፌት መኪና ሲታመም የጠያቂው ብዛት! ሰው ሲታመምማ ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ብቅ ይላል፣ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ትንሽ አረፍ ይላል፣ ይሄዳል። መኪና ሲታመም ግን ሁሉም ባዶ እጁን ይመጣል፤ ምክሩን ያራግፋል፤ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። አንዷ «ክሩ ነው» ትላለች። ሌላዋ «መርፌው ነው» ትላለች። ሦስተኛዋ ዞር ዞር ብላ ታይና፣ «የሰው ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም» ብላ ታርፈዋለች። እንግዲህ ዓይን በምን ዓይነት መፍቻ ይፈታል?

ስለ መኪናዬ ሳወራ ትንሽ እኮራለሁ፤ አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ትምህርቴ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፊደል ቆጠርኩ፣ ዳዊት ጀማመርኩ፣ አስኳላም ትንሽ ቀመስ አደረግሁ፣ ከዚያ ተዳርኩ። ያቺን መኪና ግን ከአናቷ እስከ እግሯ ፈትቼ እገጥማታለሁ። በእግር የምትነዳ፣ ጥቁር፣ አንገቷ ላይ የወርቅ ቀለም አበባ ያለባት ናት። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ወደ አገራቸው የሚገቡ ፈረንጆች ዕቃቸውን ሲበትኑ ባለቤቴ አሸክሞ ያመጣልኝ ናት። በቤታችን ከሬዲዮኑ ቀጥላ የተከበረችው እሷ ናት። ሬዲዮኑ ዳንቴል ለብሷል፤ እሷም ዳንቴል ለብሳለች። የሬዲዮኑን ዳንቴል ባለቤቴ ብቻ ነው የሚገልጠው፤ የሷን እኔ ብቻ። እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር ማለቴ ነው። እሱ ኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ የታመመችው የመኪና ዘይት ከገበያ በጠፋ ጊዜ ነው። ያኔ ምን ያልጠፋ ነበር? ሳሙና ጠፍቶ፣ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ሆኖ፣ የመኪና ዘይት ማን ያስታውሰዋል! መኪናዬ ደረቀችና እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረች። ጎረቤቴ እትዬ ትርፌ ሰምተው መጡ። እትዬ ትርፌ የማያውቁት ነገር የለም፤ የማያውቁትንም ያውቁታል። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና፣ «ማለስለሻ አጥታ ነው። ቅቤ ይበጃት ነበር» አሉ። ከዚያ ደንገጥ ብለው፣ «አይ፣ ለካ ሁዳዴ ነው! ዘይት ይሁን» አሉ።

መኪናም ትጾማለች እንዴ? አልኩ በልቤ። በአፌ ግን አልወጣኝም፤ ሁዳዴማ ሁዳዴ ነው። ከቀበሌ ያመጣሁትን የኑግ ዘይት በየቀዳዳዋ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። እንዴት ያለ ሩጫ መሰላችሁ! ያን ሰሞን እንደ ውሃ ፈሰሰች። ቤቱም የጾም ወጥ የሚቁላላበት መሰለ። ከፋሲካ በኋላ ዳንቴሏን ገልጬ እግሬን ባሳርፍ ግን ንቅንቅ የለም። ለካስ የኑግ ዘይት ሲሰነብት እንደ ሙጫ ይደርቃል! በዶሮ ላባና በነጭ ጋዝ መገጣጠሚያዋን አንድ በአንድ እያጠብኩ ሰነበትኩ። እትዬ ትርፌ በበር በኩል አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ያኔ ቅቤ ይሁን ብዬሽ አልነበር?»

እግዜር ይስጣቸው፣ በዚያው ሆዷን አወቅሁት። የቀረውን ደግሞ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎቹ አጠገብ የሚሰፉት ጋሽ ወልዴ አስተማሩኝ። ጋሽ ወልዴ ዕድሜያቸውን በልብስ ሰፊነት የጨረሱ ሰው ናቸው። «ከቀላሉ ጀምሪ» አሉኝ። «መርፌዋን ቀይሪ። ክሩን ነቅለሽ እንደገና አስገቢ። ሆዷን ጥረጊ። ይሄ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለችሽ ነው ብሎን የምትነኪው። ከብሎን የጀመሩ ደንበኞቼ መኪናቸውን በዘንቢል ነው የሚያመጡልኝ።» እኔም ይህንኑ ይዤ፣ ሳልቸኩል፣ ከመርፌ ጀምሬ እስከ ብሎን እሄዳለሁ። የሰፈሩ መኪና ሁሉ አሁን የሚታየው በኔ እጅ ነው። እሱን እንኳ እንዳላልኩ አድርጉት።

ወደ ዋናው ልምጣ። ትልቁ ልጄ ሰሎሞን ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ነበር። ይህን ያየች እናት ታውቀዋለች፤ ያላየች ደግሞ አትየው። እኔ ሰው ፊት አላለቅስም። መድኃኔ ዓለም ግቢ ውስጥ አንዲት ጥድ አለች፤ እሷ ስር ቆሜ ተሳልኩ። «ልጄን ከነእጁ ከነእግሩ ከመለስክልኝ፣ የመቅደስህን መጋረጃ በገዛ እጄ ጠልፌ አስገባለሁ» አልኩ። ልብ በሉ፣ አስጠልፌ አላልኩም። በገዛ እጄ ብያለሁ።

ልጄ ተመለሰ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። ወዲያው ነጭ የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ፈልጌ ገዛሁ፤ ለመጋቢት መድኃኔ ዓለም ላደርስ ቆረጥኩ።

በመኪና ጥልፍ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ጨርቁን ረግጦ የሚይዘውን የመኪናዋን እግር ታወልቃላችሁ። ከስር ሆነው ጨርቁን የሚገፉትን ጥርሶች ዝቅ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥራችሁ በሁለት እጃችሁ እየመራችሁ ታዞሩታላችሁ። መርፌዋ ባለችበት ትወርዳለች፣ ትወጣለች፤ ሐረጉን የሚስለው እጃችሁ ነው። በዳር በዳሩ እንደ ብራና መጽሐፍ ያለ ሐረግ፣ በመሀሉ መስቀል አሰብኩ። የመጀመሪያው ሐረግ ሲወጣ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። «ማን ሠራው?» አለኝ። ይህን ያህል ነው እንግዲህ ያማረው።

በበዓል ቀን መኪናዬን አልነካም። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ እሑድም አለ። ዳንቴሏን አለብሳትና ነጠላዬን አጣፍቼ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? በየበዓሉ ማግሥት መኪናዬ ታማ ትጠብቀኛለች። በዋዜማው ረጋ ብላ ስትሰፋ የዋለች መኪና፣ በማግሥቱ ትንሽ ትሰፋና ትዘላለች፣ እንደገና ትንሽ ትሰፋና ትዘላለች። የታችኛው ክር ደግሞ ወደ ላይ እየወጣ ያ ያማረ ሐረግ ላይ እንደ ጎፈሬ ይንጨፈረራል። የሰፋሁትን እተረትራለሁ፤ ጋሽ ወልዴ ባስተማሩኝ ተራ ከመርፌ እስከ ብሎን እሄዳለሁ፤ ትድናለች። ሌላ በዓል ይመጣል፤ በማግሥቱ ያው።

ወሬው ለእትዬ ትርፌ ደረሰ። መጀመሪያ ደስ ነው ያላቸው። «በዓል ታከብራለቻ! ማግሥቱንም ጨምራ ታከብራለች!» እያሉ በየቤቱ አወሩ። መኪናዬ በሰፈሩ ስሟ ወጣ። ከላይ ሰፈር ድረስ ሊያዩዋት የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ አንዲቱማ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ልትገባ ስትል ነው የያዝኳት። እኔም ዋሽቼ ምን ይሠራልኛል፣ ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም። በዓል የምታከብር መኪና ያለው ማን አለ?

በኋላ ግን እትዬ ትርፌ ነገሩን ገለበጡት። የተረተርኩትን መጋረጃ አንስተው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «እኔ እምለው፣ የልጆች ዩኒፎርም ስትሰፊባት እንዲህ ትሆናለች?» አሉኝ። ከመጋረጃው በቀር ምንም አልሰፋሁባትም አልኳቸው። «እህ…» አሉ። «ስለትሽ አልተወደደ ይሆናላ።»

በቃ፣ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ስለት እኮ ነው! ልጄ በራፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ አየዋለሁ፤ እጄ ላይ ያለውን መጋረጃ አያለሁ። ያ ተሰጥቶኝ ይሄ ካልተወሰደልኝ ምን ይባላል? በዓሉ ደግሞ እየቀረበ ነው። «ምን በደልኩህ?» እላለሁ በልቤ። መኪናዋ ብቻ ትዘላለች።

ባለቤቴ ያኔ ከቀበሌ ውይይት በመጣ ቁጥር ለሁሉም ነገር አንድ መልስ ነበረው። ስኳር ሲጠፋ አሻጥር ነው። አምፖል ሲቃጠል አሻጥር ነው። ወጡ ጨው ሲበዛበትም አሻጥር ነው። የመኪናዋን ነገር ስነግረው ጋዜጣውን ዝቅ ሳያደርግ፣ «እዚህ ቤት አሻጥረኛ አለ» አለኝ። ሳቅኩበት። አሁን ሳስበው ግን ከሁላችንም የቀረበው እሱ ነበር።

እማማ አስካለን እስካሁን አላስተዋወቅኋችሁም። የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ከኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ቀኑን ሙሉ እንዝርት ያሾራሉ። የፈተሉትን ድርና ማግ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይሻሙበታል፤ አንድም ቦታ አይወፍር፣ አንድም ቦታ አይሳሳ። በበዓል ግን እንዝርታቸውን ሰቅለው መቁጠሪያቸውን ያነሳሉ። በበዓል አክባሪነት የሚያህላቸው የለም። አንድ የገብርኤል ዕለት ለሰሎሞን የተበጠሰ ቁልፍ ልተክል መርፌ ባነሳ፣ «ተይው! በቁልፍ እጦት የሞተ የለም!» ብለው ጮኸውብኛል። ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ስላለ በበዓል ቀን ቤት ሆነው ነው የሚጸልዩት። የመኪናዋ ነገር ሲነሳ ደግሞ እማማ መቁጠሪያቸውን ብቻ ፈጠን ያደርጓታል።

አንድ የበዓል ማግሥት እንደ ልማዴ መርፌ ልቀይር ስል ቆም አልኩ። እስቲ ዛሬ ምንም ሳልነካ ልያት አልኩ። ከስር ያለችውን ክዳን ከፈትኩ። የታችኛው ክር የሚቀመጥባት ትንሽ ብረት አለች፤ እኔ የክር ቤት ነው የምላት። ክሩን ለቀቅ፣ ጠበቅ የምታደርግ ስንጥር የምታህል ብሎን አለችባት። ያቺ ብሎን ላልታለች። በመንጠቆዋ ዙሪያ ደግሞ ጥጥ ተጠምጥሟል። በመርፌ ጫፍ ወጣ አድርጌ ወደ ብርሃን ወሰድኩት። የፋብሪካ ክር ብናኝ አቧራ ነው፣ ሲነኩት ይጠፋል። ይሄ ግን ረጅም ነው፣ ነጭ ነው፣ የተከረረ ነው። አንድም ቦታ አልወፈረም፣ አንድም ቦታ አልሳሳም።

ይህን ጥጥ እንዴት አላውቀው? የለበስኩት ነጠላ እሱ ነው። ልጆቼን ያዘልኩበት እሱ ነው።

ለአማት «እርስዎ ነዎት ወይ?» አይባልም። ጠራርጌ፣ ብሎኗን መልሼ፣ ማርያምን ጠበቅሁ። የማርያም ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ፤ ተሳልሜ፣ ጥቂት ቆሜ፣ ልቤ እምቢ ሲለኝ ቶሎ ተመለስኩ። ባለቤቴ ቀበሌ ነው፣ ሰሎሞን ከጓደኞቹ ጋር ወጥቷል። ከበሩ ስደርስ ትር… ትር… ትር… የሚል ድምፅ ይሰማል። በመስኮቱ መጋረጃ ቀዳዳ አጮለቅሁ።

እማማ አስካለ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው፣ በባዶ እግራቸው መኪናዬን ይነዷታል። ዳገት እምቢ ያለው ጉልበት ለመኪና እሺ ማለቱን ተመልከቱልኝ! በአፋቸው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። በእጃቸው ረጅም ነጭ ጨርቅ ይዘዋል። የፋብሪካ ክር አላመኑም፤ የገዛ እንዝርታቸውን ክር ጠቅልለው ከስር አስገብተውላታል፤ ያ ወፍራም ክር አላልፍ ሲላቸው ብሎኗን አጠገባቸው ባለው ቢላ ጫፍ አላልተዋታል።

ዘው ብዬ አልገባሁም። ትልቅ ሰውን እንዲህ ባለ ነገር ላይ መያዝ ነውር ነው። ወደ አጥሩ ተመለስኩና በደንብ አድርጌ ሳልኩ። ትር ትሩ ቀጥ አለ። የሌሉ ዶሮዎችን እሽ እሽ እያልኩ ጊዜ ሰጠኋቸው። ስገባ መኪናዋ ዳንቴሏን ለብሳለች፤ እማማ መደቡ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። መነጽሩን ማውለቅ ብቻ ረስተዋል።

«እንኳን አደረስዎ እማማ» አልኳቸው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ዛሬ ቶሎ መጣሽሳ?»

ነጠላዬን እየሰቀልኩ፣ እሳቸውን ሳላይ፣ «እማማ፣ ይቺን መኪና የእንዝርት ክር አልስማማት አለ» አልኩ።

መቁጠሪያዋ ቆመች። በቁጣ፣ «የፋብሪካው ይበጠሳላ!» አሉ። «እሱን አምኜ እዚያ ድረስ እሄዳለሁ?»

«እዚያ የት?»

«እዚያ ነዋ!» አሉ በአገጫቸው ወደ መቃብሩ በኩል እያሳዩኝ። ከዚያ ከትራሳቸው ስር ያን ነጭ ጨርቅ አወጡ። መገነዣቸው ነው። ስሞት የምጠቀለልበት ብለው የገዛ ክራቸውን ፈትለው ያሸመኑት፣ ዳሩን በመኪና እየቀመቀሙ ያሉት።

መጀመሪያ የመጣልኝን አልኩ። «ታዲያ በማርያም ቀን ይሰፋል እማማ?»

«ይሄ ሥራ ነው እንዴ?» አሉኝ ዓይኔን እያዩ። «ሥራ ማለት የሚሸጥ፣ የሚለወጥ ነው። ይሄ የመንገድ ስንቄ ነው። ሞት በዓል ያከብራል? በማርያም ቀን አልመጣም ብሎሻል?»

አላለኝም። እማማ ቀጠሉ፤ አሁን ግን ድምፃቸው ዝግ አለ። «ሰሎሞን ጦር ሜዳ እሳት ውስጥ እያለ ነጭ ጨርቅ እቆርጣለሁ? ሟርት አይሆንም? እሱን ሳላይ እንዳትወስደኝ ብዬ ተስዬ ነበር። አየሁት፣ ተመስገን። እንግዲህ ጓዜን ላሰናዳ። ለአባቱ ብቻ እንዳትነግሪ፤ ልጄ ድንጉጥ ነው።»

ለካስ የሁለታችንም ሥራ ሰሎሞን የተመለሰ ሰሞን የተጀመረው ለዚህ ነው! ሁለት ሴቶች በአንድ ልጅ ተሳልን፤ ስለታችንን የምንፈጽመው በአንድ መኪና፤ አንዳችን የሌላችንን ክር ስናበላሽ ከረምን። ስለትሽ አልተወደደም ያሉኝ እትዬ ትርፌ ይህን ቢሰሙ! ሳቅ ያዘኝ። እማማም አዩኝና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

በማግሥቱ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ከጋሽ ወልዴ አሮጌ ዕቃ መሀል ሌላ የክር ቤት አገኘሁ። ብሎኗን ለእንዝርት ክር በልኩ አላላሁላት፤ እንዳትሳሳት ቀይ ክር አሰርኩባት። ይቺ የእማማ ናት፣ ያቺኛዋ የኔ ናት። ወፈር ያለ መርፌም ለብቻ አደረግሁላቸው። ለብናኙ መላ ያመጡት ራሳቸው እማማ ናቸው፤ ክሩን በጧፍ ሰም ላይ ሳብ ሳብ ያደርጉታል፣ ፀጉሩ ይተኛል። እንዲህ ያለ ነገር እኔ አላስብም ነበር። «ሌላ ቀንም እኮ መስፋት ይችላሉ» ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። በበዓል ጸጥታ አለ፣ ጠያቂ የለም፣ ውዳሴውም ይመቻል።

መጋረጃዬ ደረሰች። የመጋቢት መድኃኔ ዓለም ዕለት ሰሎሞን በራሱ እጅ ተሸክሞ አስገባልኝ። ቄሱ ዘርግተው ሲያዩዋት ሐረጉ ከዳር እስከ ዳር አንድም ዝላይ የለበትም። እልልታው ሲቀልጥ እትዬ ትርፌ በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ፣ «ስለትሽ ይሰምራል ብዬሽ አልነበር?» አሉ። እማማ አስካለ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ዳገቱን ወጥተው መጥተው ነበር። ለሚሰማቸው ሁሉ፣ «የጠለፈችው ምራቴ ናት። ክሩ የፋብሪካ ነው እንጂ እጇ ደህና ነው» ይላሉ። ከእማማ አፍ ይህን ማግኘት ቀላል አይምሰላችሁ።

የእማማስ? አትሉኝም? ባለፈው ሰሞን ከበዓል ስመለስ ፊታቸው በርቶ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ጨረስኩ እኮ! አንዲት ጠርዝ ናት የቀረችኝ» አሉኝ። እሰይ አልኩ በአፌ። በልቤ ግን፣ ጓዟን አስራ ደጅ የተቀመጠች ሴት መኪና እስኪመጣ ነው እንጂ ሌላ ምን ትጠብቃለች?

ቀጣዩ በዓል ሚካኤል ነበር። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት እማማ ፊታቸውን ሲታጠቡ ዳንቴሏን ገለጥ አደረግሁ። ቀይ ክር የታሰረባትን የእማማን የክር ቤት አወጣሁ። ያቺን ስንጥር የምታህል ብሎን ሩብ ዙር አላላሁ። መልሼ አለበስኳትና ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ስመለስ እማማ ጠርዟን ይተረትራሉ። «ዘለለችብኝ ልጄ! ተንጨፈረረ! በዚህ አኳኋን እንዴት እሄዳለሁ?» አሉኝ።

«አይዞዎት፣ አስተካክላታለሁ» አልኳቸው። አስተካከልኳት። ያቺ ጠርዝ ግን እስካሁን አላለቀችም።

ባለቤቴ እናቱ ሲያጉረመርሙ ይሰማና፣ «እዚህ ቤት አሻጥረኛ አለ» ይላል። አለች እንጂ! መኪና ማዳን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይመሰክርልኛል። ማበላሸቱ ግን ከዚያም ይበልጣል፤ ሩብ ዙር ብቻ፣ እማማ እስኪጠረጥሩ አይደርስ፣ ጠርዟም እንድታልቅ አይፈቅድ። ይህን ጥበብ ጋሽ ወልዴም አላስተማሩኝ። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ባለቤቴ ጋዜጣ የሚገልጠው ለእግር ኳሱ ነው። ስለዚህ ይህን በጋዜጣ ጽፌ ለእናንተ ብነግራችሁ አልፈራም።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። በበዓል ቀን ብሎን ማላላት ሥራ ነው ወይስ አይደለም? ይህን ለይተው የሚያውቁ እማማ አስካለ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?